ስለ ፔጆዋ ሸራ፦ በመኪና ግርግር የተደረገ ምልልስ

በሐረር፣ በግንብ በተከበበችው ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥቶ በሚዘልቀው፣ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን በግራና በቀኝ ደርድረው ስለሚውሉበት መኪና ግርግር እየተባለ በሚጠራው ጠባብ መንገድ ላይ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉና ኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ያረፉ አንድ መምህር፣ ሸራና ድንኳን በመስፋት ከሸመገሉ አንድ ሐጂ ዘንድ ቀርበው፣ ከቅጥሩ ውጭ በሜዳ ስለምታድር አሮጌ ፔጆ ልብስ ተነጋገሩ። ንብረቱን በሰማይ ሥር ለማሳደር ለተገደደ ሰው ሁሉ የሚበጅ ነገር ስላገኘሁበት ቃላቸውን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

መምህር፦ እንደምን ዋሉ፣ ሐጂ? ሥራ አስፈትቼዎት እንደ ሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ነገር ግን ክረምቱ ሳይገባ ልማከርዎ የሚገባኝ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

ሐጂ፦ አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ነኝ፤ አረፍ ይበሉ፣ መምህር። ይህች ጠርዝ እስክታልቅ ድረስ እጄ ቢሠራም ጆሮዬ ከእርስዎ ጋር ነው።

መምህር፦ የሟች ወንድሜ ፔጆ 404 በእኔ እጅ ቀርታለች። በዚህች ከተማ ስንት ዘመን በታክሲነት እንዳገለገለች እርስዎም ያውቃሉ፤ ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ግን እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቿ ሥራ ፈትታ ቆመች። ልሸጣት አልወድም፤ ሞተሯም ዛሬ ቢያስነሡት ይነሣል። ቤቴ በጁገል ውስጥ ስለ ሆነ፣ የሠፈራችንም መንገድ ለሰውና ለአህያ እንጂ ለመኪና ያልተቀደደ ስለ ሆነ፣ ከሐረር በር ውጭ በዘመድ ግቢ፣ በሜዳ ላይ ታድራለች። የቆርቆሮ መጠለያ እንዳላቆምላት ደግሞ ግቢው ለቅጥሩ የቀረበ ነው፤ አሚር ኑር በ16ኛው ምዕተ ዓመት ያቆሙትን፣ ከነከተማውም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ግንብ በቆርቆሮ ልጋርደው ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ልብስ ያስፈልጋታል። በሸዋ በር ገበያ ወፍራም ሰማያዊ ላስቲክ አይቻለሁ፤ ውኃ ፈጽሞ አያሳልፍም አሉኝ። እርሱን ገዝቼ ላምጣና ጠርዙን ይስፉልኝ?

ሐጂ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ውኃ ፈጽሞ አያሳልፍም መባሉ ነው።

መምህር፦ ይህስ እንዴት ይሆናል? ዝናም የሚወርደው ከላይ ነው፤ ከላይ የሚወርደውን የከለከለ ልብስ ግዳጁን ፈጸመ አይባልምን?

ሐጂ፦ ከላይ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ከታች የሚወጣውን የሚያየው ግን ላስቲኩን በማለዳ የገለጠ ሰው ብቻ ነው። መሬት በበልግም በክረምትም የጠጣችውን ውኃ ፀሐይ ባገኛት ጊዜ ተን አድርጋ ትመልሰዋለች። ያ ተን ወደ ላይ ሲወጣ ላስቲኩን ያገኝና በሥሩ ይታፈናል። የሐረር ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑን እኛ ደጋግመን ጋቢ በመደረብ እናውቀዋለን፤ የመኪና ላሜራ ደግሞ ስስ ብረት ስለ ሆነ ቶሎ ይበርዳል፤ የታፈነው ተን በበረደው ብረት ላይ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ዝናም ጠብ ባላለበት ሌሊት እንኳ ጠዋት ቢገልጡት ኮፈኑ በላብ ተጠምቆ ያገኙታል። ቀን ሲሞቅ ይተናል፣ መውጫ ስለሌለው ማታ ይመለሳል። ዝናም መጥቶ ያባራል፤ ይህ ግን ላስቲኩ እስካለ ድረስ አያባራም።

መምህር፦ ሊቃውንት መምህሮቻችን የፍጥረትን ነገር ሲያመሠጥሩ፣ አራቱ ባሕርያት፣ ነፋስና እሳት፣ ውኃና መሬት፣ ተስማምተውና ተመጣጥነው ሲኖሩ ሥጋ እንደሚጸና፣ አንዱ ሠልጥኖ ሌላው ሲጐድል ግን እንደሚፈርስ ያስተምሩን ነበር። እርስዎ የሚሉኝ እንግዲህ፣ ነፋስን ከዘጋሁበት ውኃ ይሠለጥንበታል ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጨምር። በትምህርት ቤት ለልጆች ያስተማርሁት፣ ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን ሁለቱ ሲገናኙበት ነው በማለት ነው። ታዲያ ነፋስ ራሱ ከአጥፊዎቹ አንዱ ከሆነ፣ እርሱን አጥብቆ መዝጋት ለምን አይጠቅምም?

ሐጂ፦ አጥብቆ መዝጋት ቢቻል ኖሮ ይጠቅም ነበር። ግን ከታች ሜዳ ላለው ነገር ማን ይዘጋለታል? ለማዛግ የሚበቃው ነፋስ በስንጥቅ ሁሉ ይገባል፤ ለማድረቅ የሚበቃው ነፋስ ግን ሰፊ በር ይፈልጋል። በላስቲክ ሲጠቀልሉት ማዛጊያውን ትተው ማድረቂያውን ብቻ ከለከሉት ማለት ነው።

መምህር፦ ይህ መልስ ይበቃኛል። ላስቲኩን ተውሁት።

ሐጂ፦ ሌላም ነውር አለበት። ያ ሰማያዊ ላስቲክ ከፀሐይ የሚጠብቀው መድኃኒት በውስጡ ካልተጨመረበት፣ ጥቂት ወራት በሜዳ ከቆየ በኋላ እየተሰነጠቀ በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። ፍርፋሪውን ከበሩ ጎማና ከመስተዋቱ ጥግ ሲለቅሙ መክረምዎ ነው።

መምህር፦ በፀሐይ ነገር እኔም የማውቀው አለኝ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አልትራቫዮሌት የሚባለው በዓይን የማይታይ ጨረር ደግሞ፣ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከመቶ 10 እጅ ያህል እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ ፀሐይ ፈጀኝ የሚል ሰው እዚህ ሲደርስ ነፋሱ ቢቀዘቅዝለትም፣ ቀለም የሚያነጣው፣ ጎማ የሚያደርቀው፣ የወንበር ልብስ የሚያበሰብሰው ጨረር ግን ይብስበታል እንጂ አይቀንስለትም። ቅዝቃዜያችን ያታልለናል። በዚህች ከተማ የቆመ መኪና ሁሉ ጣሪያው ቀድሞ የሚገረጣው ስለዚህ ነው።

ሐጂ፦ እንግዲያው ልብሱ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ቀለም ይሁን፤ ጥቁር ሸራ ሙቀቱን ጠጥቶ ለብረቱ ያወርሰዋል።

መምህር፦ ቀለሙስ ይሁን፤ ከምን ይሠራ? ይህን ሳስብ ኦሪት ዘጸአት ስለ ደብተራ ኦሪት አሠራር የሚያዘው ትዝ አለኝ። በውስጥ በኩል የሚታየው ከጥሩ በፍታ ነው፤ በላዩ ከፍየል ጠጕር የተሠራ መጋረጃ ይደረብበታል፤ በዚያ ላይ ቀይ የተነከረ የአውራ በግ ቁርበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ የቁርበት መደረቢያ። ልስልሱ ለቅድስናው ቅርብ፣ ሸካራው ለፀሐይና ለነፋስ ቅርብ ሆኖ ተሠራ። ልኩንም ብናይ፣ የበፍታው መጋረጃ ርዝመቱ 28 ክንድ ሲሆን፣ የፍየል ጠጕሩ 30 ክንድ ነው፤ በዚህና በዚያ ወገን አንዳንድ ክንድ ተርፎ ውስጠኛውን እንዲከድን። ቅዱሱን ንዋይ ከዚህ ከእኛ ብረት ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ይልቁን ጥበቡ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የተገለጠ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ሐጂ፦ ይህን የሰማሁት ዛሬ ነው፤ የሰፊው አእምሮ ግን ደስ ይላል። የላይኛው ከታችኛው አንድ ክንድ ይትረፍ ማለት፣ ጠብታው ከጠርዙ ሲወርድ ውስጠኛውን እንዳይነካው ነው። ነገር ግን መምህር፣ ያ ድንኳን የተተከለው በሲና ምድረ በዳ ነው፤ እዚያ የሚከብደው ፀሐይና አሸዋ ነው። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ቢያገኘው ቁርበቱ ይሻግት ነበር። ደግሞ እኛ ዘንድ ሌሊት የሚመጣ እንግዳ አለ።

መምህር፦ ማን ነው?

ሐጂ፦ ጅብ። በግንቡ እግር ሥር ዋራባ ኑዱል የምንላቸው ቀዳዳዎች ለእርሱ መግቢያ የተተዉ ናቸው፤ ሌሊት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቆሻሻውን ያጸዳልናል፣ ሲነጋ ይወጣል። በፈላና በር በኩል በእጅ ሲያበሉት እንግዳ አገር ሰው ሁሉ እያየ ይደነቃል። በእርሱ ቅሬታ የለኝም፤ ግን ቁርበትና ሞራ የሸተተውን ነገር ሳይቀምስ አያልፍም። ውኃ እንዳያስገባ ሸራውን በሞራ ማሸት ጥንት የነበረ ልማድ ነው፤ ከሐረር በር ውጭ በሚያድር መኪና ላይ ግን አላደርገውም። ሰም ከሆነ ይሁን።

መምህር፦ እንግዲያስ በሰም የታሸ የጥጥ ሸራ ይሁን ይሉኛል?

ሐጂ፦ የጥጥ ሸራን ጠባይ ልንገርዎና ይፍረዱ። ክሩ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲያብጥ በክርና በክር መካከል የነበረውን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ሲደርቅ ይከሳና ነፋስ ያሳልፋል። ሲዘንብ ራሱን የሚዘጋ፣ ሲያባራ ራሱን የሚከፍት ልብስ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ብልሃት በጨርቅ ላይ አላየሁም። ግን ሁለት ድካም አለበት። በዝናም ጊዜ ከውስጥ በኩል አንድ ነገር ተጠግቶ ከነካው፣ ውኃው በዚያች በነካችው ቦታ ዘልቆ ይገባል፤ ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ጣቱን ሸራው ላይ ማሳረፍ እንደሌለበት ያውቃል። በመኪና ላይ ስናለብሰው ደግሞ ጣሪያውን፣ ኮፈኑን፣ ትከሻውን ሁሉ ይነካል። ሁለተኛ፣ ርሶ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ወይም ቀናት ሙሉ ሳይደርቅ ከቆየ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል።

መምህር፦ ይህማ በነሐሴ የማይቀር ነው። እንዲህ ከሆነ ጥጡም አልበጀም፣ ላስቲኩም አልበጀም። በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች የሚከደኑበት፣ ፒቪሲ የተቀባው ወፍራም ሸራስ?

ሐጂ፦ ጥንካሬው ወደር የለውም፤ ፀሐይም ቶሎ አይበግረውም። ግን እርሱም አይተነፍስም፤ በአካሏ ላይ ካረፈ ከላስቲኩ ጋር አንድ ነው፤ ክብደቱም ቀለሟን ይፍቀዋል። ከአካሏ አርቀን ከሰቀልነው ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ለዚህ ነው የዚያን የድርብርብ ድንኳን ነገር ሲያነሡ የወደድሁት። አራት ካስማ፣ አራት ገመድ፣ ሁለት ቋሚ፤ በላይዋ ዳስ አድርገን እንወጥረዋለን፤ ውኃው እንዲንሸራተት በአንድ ወገን ዝቅ ይበል፤ ከእርስዋ በሁሉም አቅጣጫ ከአንድ ክንድ በላይ ይትረፍ። በመካከላቸው ነፋስ እንደ ልቡ ይመላለሳል። ከሥሩ በአካሏ ላይ ስስ የጥጥ ልብስ፣ ለአቧራና ለወፍ ኩስ ብቻ። የላይኛው ዝናሙን ስለ ያዘለት ታችኛው አይርስም፤ ስለማይርስም አይሻግትም። ነገ ቅርስ ጥበቃ ይህ ይነሣ ቢልዎ፣ ካስማውን ነቅለው ጠቅልለው ይገባሉ፤ በግንቡ ላይ ምንም አልነኩም።

መምህር፦ ይህ ምክር በልቤ አድሯል። ግን የጡረታ ሰው መሆኔን ሳይረሱ ይንገሩኝ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው የትኛውን ይግዛ?

ሐጂ፦ የላይኛውን።

መምህር፦ አካሏን ዕራቁቷን ትቶ?

ሐጂ፦ ዕራቁቷን ትቶ። አቧራ ይታጠባል፤ የወፍ ኩስ ቀለም የሚበላ ቢሆንም ሳይደርቅ ከጠረጉት ይለቃል። ታፍኖ የኖረ ላሜራ ግን ተመልሶ አይታጠብም። ሰው የሚገዛው ግን ሁልጊዜ የታችኛውን ነው፣ ምክንያቱም ጠቅልሎ ሲያስረው ንብረቱን የጠበቀ ይመስለዋል።

መምህር፦ እውነት ነው። በፈረንሳይ አገር ፔጆ 404 መሠራት የጀመረችው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1960፣ ያቆመችው ደግሞ በ1975 ነው፤ ሞተሩን የሚያድሱ እጆች በዚህ ከተማ ሞልተዋል፣ የዛገ ላሜራ ምትክ ግን ከየትም አይመጣልኝም። ስለዚህ ብዙ የምጠነቀቀው ለቆዳዋ ነው። ሁለቱንም አሠራለሁ፤ የታችኛውን ስፌት እንዴት እንደሚያደርጉት ይንገሩኝ።

ሐጂ፦ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ45 ሳንቲም ገደማ፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ61፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ45 ያህል ነው፤ ስንት ፔጆ አልብሻለሁና በቃሌ ይዤዋለሁ። ከአንዱ ጎን መሬት ተነሥቶ በጣሪያዋ ዞሮ ወደ ሌላው ጎን ሲወርድ 4 ሜትር ተኩል ይሆናል። እኔ ግን መሬት ድረስ አላወርደውም፤ በየጎኑ አንድ ስንዝር ከመሬት ከፍ ይላል። በዚያች ስንዝር ነፋስ ይገባል፤ ጠርዙም ጭቃ አይጠጣም። በመካ የካዕባን ልብስ አይቻለሁ፤ በሐጅ ወቅት የታችኛው ጠርዝ ወደ ላይ ተሰብስቦ ይታሰራል፤ ሕዝቡ ሲበዛ እንዳይጎዳው ነው። እግሩ ሥር ባሉት የናስ ቀለበቶች ላይ ልብሱ በገመድ ይያዛል። ያንን ቤት ከምንም ነገር ጋር አላወዳድርም፣ አስተግፊሩላህ፤ ዓይኔ የሰፊ ዓይን ስለ ሆነ ግን ጠርዙንና ቀለበቱን ሳላይ አላለፍሁም። ያ ልብስም በየዓመቱ በአዲስ ይለወጣል።

መምህር፦ በየዓመቱ መለወጡ ያስገርመኛል።

ሐጂ፦ እኔን ያስተማረኝ እርሱ ነው። ልብስ ለዘላለም ይኑር ብዬ አልሰፋም። የእርስዎም የታችኛው ልብስ ሲያልቅ ይምጡና ሌላ እንሰፋለን፤ አላለቀም ብለው በተቀደደ ጨርቅ አያስታምሟት፤ የተቀደደ ሸራ በነፋስ እየተራገበ ቀለሟን ይበላዋል።

መምህር፦ ነፋሱን ካነሡማ፣ እኔም ሌሊት ሌሊት የጎረቤት ላስቲክ ሲጮኽ እሰማለሁ።

ሐጂ፦ ያ የሚጮኸው ያልታሰረ ነው። በጨርቁና በላሜራው መካከል የገባ አቧራ፣ ጨርቁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፍቃል። ስለዚህ ሁለት ነገር፦ ሳትታጠብና ፈጽማ ሳትደርቅ አያልብሷት፤ ካለበሷት በኋላም በሆዷ ሥር በሚያልፍ ሰፊ ቀበቶ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። በሾሉ ቦታዎች፣ በእስፖኪዮው፣ በፓራውልቱ ጥግ፣ በኋላ ባለው ክንፏ ጫፍ ላይ ደግሞ ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ደርቤ እሰፋለሁ፤ ሸራ ቀድሞ የሚቀደደው ከእነዚህ ላይ ነው።

መምህር፦ ስፌቱ ራሱስ አያፈስስም?

ሐጂ፦ መርፌ የወጋው ሁሉ ቀዳዳ ነው። ለዚህ ነው የመካከለኛውን ወርድ ጣሪያዋን ሙሉ እንዲይዝ የምቈርጠው፤ ስፌቱ በጎንዋ ይወርዳል እንጂ ውኃ በሚቆምበት በአናቷ ላይ አያልፍም። እጥፉም የሣር ቤት እንደሚከደን የላይኛው በታችኛው ላይ ይተኛል፣ ውኃው አልፎት እንዲወርድ። የጥጥ ክር ሲርስ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ይሞላል፣ ግን በሁለት ክረምት ይበሰብሳል፤ የፖሊስተር ክር አይበሰብስም፣ ግን አያብጥም። እኔ ፖሊስተሩን መርጬ በንብ ሰም አሸዋለሁ፤ መርፌውንም ለክሩ የሚበቃ ቀጭን አደርገዋለሁ።

መምህር፦ ሠርተው ካስረከቡኝ በኋላ ከእኔ የሚጠበቀውን ደግሞ ይንገሩኝ፤ ልብስ አልብሼ ብረሳት ሁሉም ከንቱ ነውና።

ሐጂ፦ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ በሳምንት አንዴ እንኳ፣ የታችኛውን ገልጠው በሮቿን ሁሉ ይክፈቱላት፤ ኮፈኑንም ጭምር። አይጥ በጨለማና በጸጥታ ቤቱን ይሠራል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ መብላትም ይወዳል፤ የሚገለጥ ቤት ውስጥ ግን አይቀመጥም። ከሁሉ በፊት ደግሞ የቆመችበት ምን ዓይነት መሬት ነው?

መምህር፦ ሣር የበቀለበት ጥቁር አፈር ነው።

ሐጂ፦ እንግዲያ ተኑ ሁሉ ከዚያ ነው የሚወጣባት። ሣሩን አስጭደው ጠጠር ያስደፉበት፤ ውኃው ወደ ታች እንዲሰርግና ዳሱ የሚያወርደውም እንዲርቅ ትንሽ ቦይ ይቅደዱ። ይህ ሳይሆን ካስማ አልተክልም።

መምህር፦ ጠጠሩን ነገ አስመጣለሁ፤ ቦዩንም የሰፈር ልጆች ይቈፍሩልኛል። ዋጋውን ሲለኩ እንነጋገራለን።

ሐጂ፦ ቅዳሜ ጠዋት ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ፤ አንቴናዋን አስወልቀው፣ አሳጥበው ይጠብቁኝ።